ብል ያልነካቸው ሦስት ብርድ ልብሶች

ሙሀመድሰዒድ የሞተው ሱፍ መሀል ነው። ባሕር ማዶ፣ ታከር በምትባል ከተማ ያለውን የአሮጌ ዕቃ መጋዘኑን ቅዳሜ ጠዋት ብሉ መሞቱን ሊያይ የከፈተው አምባዬ፣ ሽማግሌውን ከጓዳው ጥግ፣ ከመቶ ዓመት በፊት በተሸመኑ የሱፍ ብርድ ልብሶች ላይ በጎኑ ተኝቶ አገኘው። ጫማው ከራስጌው ተጣምሮ ተቀምጧል። አምባዬ ራሱ ዓርብ ማታ ያስቀመጠው የብል ማጥፊያ ጋዝ ገና ከጓዳው አልወጣም ነበር።

እንግዲህ ፖሊስ ምን ይበል? የጋዙ ባለቤት አምባዬ፣ የቁልፉም ባለቤት አምባዬ። «አውቆ ነው የገደለው» ብለው ሊከሱት አንድ ነገር ብቻ ቀርቷቸዋል፤ የሞት መርማሪዋ የሸዋነሽ ቃል። ሸዋነሽ ለካውንቲው፣ ማለትም ለወረዳው መስተዳድር የምትሠራ፣ ጥቂት ተናግራ ብዙ የምትሰማ ሴት ናት። ዝም ስትል ደግሞ ታስፈራለች።

«ገብተው ሳያዩ ነው ያስቀመጡት?» አለችው አምባዬን።

«ከደጃፉ አስገብቼ ዘጋሁ፣ እትዬ። ማን አለ ብዬ ልይ? ጋሼ ሙሀመድሰዒድን ከሥራ አብረን ወጥተን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ትቼው ነበር፤ ማታ ጋዙን ይዤ ብቻዬን ተመለስኩ። የሚኖረው ስኮትዴል ሰፈር፣ የእህቱ ልጅ ዋሲላ ቤት ነው። ጆሮውም ከባድ ነበር።»

«ጋዙ ለምን አስፈለገ?»

«ብል ፈጀን! ቢቨር ከሚሉት አውሬ ፀጉር የተሠራው ኮፍያ፣ የሰጎን ላባ ማራገቢያው፣ የፈረስ ፀጉር የተሞላው ወንበር ሳይቀር። ሰኞ ላደርገው ነበር፤ ከጋሼ ከተለያየን በኋላ ግን ቅዳሜና እሁድ ገዢ ስለማይመጣ ይሻላል ብዬ ወደ ዓርብ አመጣሁት። ለዋሲላ ደወልኩላት። ‹ዛሬ ጋዝ ላደርግ ነው፣ በሩንም በፕላስተር አሽጋለሁ፤ ጋሼ ነገ እንዳይመጣ ንገሪልኝ› አልኳት። ‹እሺ፣ እነግረዋለሁ› አለችኝ።»

ዋሲላ ግን ለፖሊስ «ማንም አልደወለልኝም» ብላለች። ዘመኑ ሞባይል ገና የጥቂት ሰው ጌጥ የነበረበት ነው፤ ሽማግሌውን በቀጥታ ማግኘት አይታሰብም።

ሸዋነሽ ከክምሩ አንድ ብርድ ልብስ አንስታ ወደ መስኮቱ ዘረጋችው። ብርሃኑ በቀዳዳው ሁሉ ገባ። ሌላም አነሣች፣ ያው ነው። ሬሳው የተኛባቸውን ሦስቱን ስትዘረጋ ግን አንድም ቀዳዳ የለም።

«እነዚህን ምን አድርጋችኋቸው ነው?»

«ምንም። አምና ከገዛናቸው ጀምሮ ጥጉ ውስጥ ናቸው፤ እጄን አላስነካኋቸውም። የሚገርመው…» አምባዬ ፂሙን ዳሰሰ። «ብል የሚወደው ጨለማና የተረሳ ሱፍ ነው። በየቀኑ የሚያራግፉትን አይደፍርም።»

ሸዋነሽ ጎንበስ ብላ ከክምሩ ኋላ ተመለከተች። የፕላስቲክ የውዱእ ማንቆርቆሪያ አለ፤ አጠገቡ ተጠቅልሎ የቆመ መስገጃ።

ከሰዓት በኋላ ስኮትዴል ሄደች። ዋሲላ በሩን የከፈተችላት ዓይኗ አብጦ ነው። አፓርታማው ባለ ሁለት ክፍል ነው፤ በአንደኛው ውስጥ የተነጠፈ አልጋ አለ፣ ሰው የተኛበት አይመስልም።

«አጎቴ እዚህ ነው የሚኖረው» አለች ቶሎ ብላ። «ዓርብ ዕቃ ረስቶ ተመልሶ መሆን አለበት። አምባዬ በፕላስተር አሽጎ ገደለብኝ!»

ታክሲ የሚነዳው ባሏ አብዱረህማን ማታ ከሺፍት ሲወጣ ደግሞ ሌላ ነገር ተናገረ። «ኖ፣ ጋሼ እኛ ጋ አይኖርም። እናቴ በቪዛ ስትመጣ ቻምብሊ ሰፈር ከጓደኛው ጋር ክፍል ተካፍሎ ሩም ሼር አደረገ ብላኛለች። ሁሌ ሰላም በይልኝ እላታለሁ።»

ሰኞ ሸዋነሽ ሦስቱንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አንድ የፖሊስ መኮንንም በሩ አጠገብ ቆሟል።

«አንድ ሽማግሌ ሦስት ቤት ነበረው» አለች። «ለአምባዬ ስኮትዴል፣ ለአብዱረህማን ቻምብሊ። እውነተኛው ቤቱ ግን ይህ ጥግ ነው። እነዚህን ብርድ ልብሶች ብል ያልበላቸው ሰው ማታ ለብሷቸው፣ ጠዋት አራግፎ ስለሚያጥፋቸው ነው። የአንድ ሌሊት ነገር አይደለም፤ ወራት ነው። ፌርማታው ላይ ቆሞ የአምባዬ መኪና እስኪርቅ ይጠብቃል፤ ከዚያ ለሥራ በተሰጠው ትርፍ ቁልፍ ከፍቶ ተመልሶ ይገባል።»

አምባዬ አፉን በእጁ ያዘ። «ወይኔ ጋሼ! ለእኔ እንኳ አይነግረኝም?»

«ለእርስዎ መንገር የእህቱን ልጅ ማሳጣት ነው። አምባዬ ጋዙን ሲያስገባ ሰው እንዳለ አላወቀም፤ ይህን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።» ወደ ዋሲላ ዞረች። «አንቺ ግን ታውቂ ነበር። ስልኩም ተደውሎልሻል። በሩ በፕላስተር መታሸጉን አምባዬ ከዚያ ስልክ ሌላ ለእኔና ለፖሊስ ብቻ ነው የተናገረው፤ እኛም አላነሣንብሽም፤ ፕላስተሩንም ቅዳሜ ራሱ ነው የላጠው። አንቺ ከየት ሰማሽው?»

ዋሲላ እዚያው በፈረስ ፀጉሩ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

«አምባዬን ምን ልበለው?» አለች። «‹አጎቴ ያለው እዚያው ነው፣ ያሳደገኝን ሰው መጋዘን ውስጥ አስተኝቼዋለሁ› ልበለው? አገር ምን ይለኛል? አፌ ‹እሺ› አለ። ስልኩን ዘጋሁት። መልሼ ልደውል አነሣሁት… ደግሞ አስቀመጥኩት። ሽታው ያስወጣዋል ብዬ ራሴን አታለልኩ። አማቴ እስኪሄዱ ነው፣ ለጥቂት ቀን ነው ስለው፣ ‹ምን ችግር አለ ልጄ› ብሎኝ ነው የወጣው።»

አምባዬን ወኅኒ ልታስገባው እንደነበር ማንም አላነሣባትም። መኮንኑ ሸዋነሽ ስትተረጉምለት ማስታወሻውን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

አብዱረህማን ወደ ሚስቱ ዞረ። ተቆጥቶም አይደለም፤ ያልገባው ነገር አለ።

«እናቴ እኮ ከሄደች ቆየች፣ ዋሲላ። ክፍሉ ባዶ ነው። ለምን አልጠራሽውም?»

«ራሱ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ» አለች። «እሱ ደግሞ እስኪጠሩት ይጠብቅ ነበር።»

አምባዬ ሦስቱን ብርድ ልብሶች አቅፎ ደጅ ወጣ፤ አንድ በአንድ አራገፋቸውና አጣጠፋቸው።