ስድስት ዕጩነት፣ አንድ የጎደለ ሰው

«አምስተኛ!» አሉ መምህሩ የክበቡ ፊልም ለሽልማት የታጨባቸውን ዘርፎች ከስልካቸው ላይ እያነበቡ። «ምርጥ ድምፅ!»

የፊልም ክበቡ ክፍል በጩኸት ተናጋ። ማይክራፎኑን በላስቲክ ጠቅልሎ ዝናብ ሲደበድበው የከረመው ልጅ ወንበር ላይ ወጥቶ መጨፈር ጀመረ። ጭራሮ ግን ገና አልጮኸችም። ትንፋሿን ይዛ ስድስተኛውን ትጠብቃለች።

ጭራሮ ያሏት ሰባተኛ ክፍል እያለች ነው፤ በቅጥነቷ። መጀመሪያ ላይ ታለቅስ ነበር። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ደርሳ በሌላ ስም ቢጠሯት ዞራም አታይ። «መስመሩን አይዝጉ» የተባለውን የአርባ ደቂቃ ፊልም የጻፈችው እሷ ናት። ያዘጋጀው ደግሞ የልብ ጓደኛዋ አክሽን ነው። ምሳ ለመግዛት ሲሰለፉ እንኳ «አክሽን!» እያለ ስለሚጮህ ስሙ እሱው ሆኖ ቀረ።

ፊልሙ በሕይወት ያሉ ሰው ታሪክ ነው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የሚኖሩት እትዬ ሃሎ በወጣትነታቸው የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበሩ። ያኔ ሰው ለመደወል መጀመሪያ እሳቸውን ማግኘት ነበረበት፤ እሳቸው ናቸው ገመዱን ሰክተው ደዋዩን ከተደዋዩ የሚያገናኙት። ወንዙ ሞልቶ ከተማዋን ባጥለቀለቀ ዕለት ሰው ሁሉ ሲሸሽ እሳቸው ከማዞሪያው አልተነሱም። ውሃው ጉልበታቸው ድረስ መጥቶ፣ ከጠዋት እስከ አመሻሽ በየቤቱ እየደወሉ «ወደ ኮረብታው ውጡ!» ሲሉ ዋሉ።

«ስድስተኛ…» መምህሩ ሆን ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኧረ ቲቸር፣ በናትዎ!»

«ምርጥ የሕይወት ታሪክ ፊልም!»

ይሄኔ ጭራሮም ጮኸች። አክሽን አንጠልጥሎ አዞራት። ለውድድሩ ፊልም ከላኩት ሃያ ስምንት ትምህርት ቤቶች በስድስት ዘርፍ የታጨ ሌላ አልነበረም። አዘጋጅ፣ ድርሰት፣ ዋና ተዋናይት፣ ቅንብር፣ ድምፅ፣ የሕይወት ታሪክ። ጭራሮ ቀኑን ሙሉ በጣቶቿ ስትቆጥራቸው ዋለች።

ከትምህርት በኋላ የመምህሩን ላፕቶፕ ተውሳ እትዬ ሃሎ ቤት በረረች። እትዬ ሃሎ ፊልሙን ገና አላዩትም። ውድድሩ የባለታሪኩን ፊርማ ስለሚጠይቅ «እናንተን ካላመንኩ ማንን አምናለሁ?» ብለው ፈርመው ነበር። የምሥራቹን ሲሰሙ ግን በቃ አላስቻላቸውም።

«ክፈቺዋ!» አሉ መነጽራቸውን እየፈለጉ። መነጽሩ ራሳቸው ላይ ነበር።

መጀመሪያ ላይ እየሳቁ ነው ያዩት። «ይቺ ልጅ ቁርጥ እኔን! አፍንጫዋ ብቻ ነው ትንሽ የተሻለው።» የጎርፉ ትዕይንት ደረሰ። ፊልሙ ውስጥ መብራት ጠፋ። ማዞሪያው ክፍል ውስጥ ወጣቷ ሠራተኛ ብቻዋን ቀረች፤ ውሃው ጫማዋን፣ ከዚያ ቀሚሷን አራሰው፤ እሷ ገመዱን እየነቀለች ትሰካለች። ጭራሮ በጣም የምትኮራበት ትዕይንት ነው።

እትዬ ሃሎ ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ ብለው የክፍሉን ጥግ ጥጉን አዩ።

«ጋሽ ባትሪስ?» አሉ።

«ማን?»

«መብራቱ ሲጠፋ ማዞሪያው በምን የሠራ መሰለሽ? በጸሎት?» ሳቅ አሉ። «ጋሽ ባትሪ ነዋ! ያኔ ጋሽ ቀርቶ ጢም እንኳ አልነበረው፤ የጥገና ሠራተኛ ነበር። ባትሪዎቹን ጠረጴዛ ላይ ቆልሎ የእጅ ጄኔሬተሩን ሲያዞር ነው የዋለው። መዳፉ ሲላጥ ሸሚዙን ቀዶ ጠቀለለበት። ለጓደኛሽ ግማሽ ቀን ሙሉ አጫውቼዋለሁ እኮ።»

ቃለ መጠይቁ የተደረገ ቀን ጭራሮ ጉንፋን ጥሏት ተኝታ ነበር። አክሽን መጥቶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የነገራት ትዝ አላት። «ብቻቸውን ነበሩ። አንድም ሰው አብሯቸው አልነበረም። አስቢው እስኪ!»

«እትዬ… ግን ብቻዎን መሆንዎ ጀግንነቱን…» ብላ ጀመረች።

«ብቻዬን ብሆንማ ከሁሉም ቀድሜ ነበር የምፈረጥጠው» አሉ እትዬ ሃሎ። «ሁለቴ ተነስቻለሁ። ሁለቴም ከጀርባዬ የዚያን እጀታ ኩርር ኩርር ስሰማ አፍሬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። እሱም በኋላ ሲነግረኝ፣ ያንቺን ድምፅ እየሰማሁ እንዴት ላቁም አለኝ።» ላፕቶፑን ቀስ ብለው ከደኑት። «እኔ አልቆጣም፤ ልጆች ናችሁ፣ ደግሞ አሳምራችሁታል። ብቻ እሱ ቅዳሜ ሽልማቱ አዳራሽ ይመጣል። ቀደም ብዬ ጋብዤዋለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ጭራሮ አክሽንን ደረጃው ላይ አገኘችው።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

መካድ አልሞከረም። ቦርሳውን መሬት ላይ ጥሎ ተቀመጠ። «ብቻዋን ስትሆን ነው የሚያምረው። አንቺስ ስትጽፊው አላለቀስሽም? ሁለት ሰው ሲሆን ነገሩ ይቀዘቅዛል ብዬ ነው።»

«ታሪኩ እኮ የኛ አይደለም!»

«አሁን ምን እንዲሆን ነው የምትፈልጊው? ብንናገር ከውድድሩ ያወጡናል፤ ስድስቱም ገደል ገባ ማለት ነው። ተዋናይቷ ምን አጠፋች? ድምፅ የቀዳው ልጅስ? ሳምንት ሙሉ እያሳለው ነው የሠራው።»

ይሄኛው እውነት ነበር፤ እሷንም እንቅልፍ የነሳት እሱ ነው። ምርጥ ድርሰት የሚለው ሽልማትም እንደሚያጓጓት ለራሷ አልደበቀችም። በቤቷ መደርደሪያ ላይ ቦታ እስከመምረጥ ደርሳ ነበር።

«ለክበቡ ልጆች ዛሬ እንነግራቸዋለን» አለች። «ለቲቸርም። ነገ አራት ሰዓት ላይ ደግሞ የውድድሩ አዘጋጆች ቢሮ እሄዳለሁ። ብትመጣ ደስ ይለኛል።»

«ባልመጣስ?»

«እሄዳለሁ።»

አክሽን ቦርሳውን አንስቶ ሄደ። ለክበቡ የነገረችው ብቻዋን ነበር። ተዋናይቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። መጀመሪያ የተናገረው ያ የድምፅ ልጅ ነው፤ በተዘጋ አፍንጫው «ሰውዬው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ለእኛ ሊያጨበጭብልን ነው? አይሆንም፤ ሂዱና ንገሩ» አለ። መምህሩም ኮታቸውን አንስተው «እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አሉ።

በነጋታው ጭራሮና መምህሩ ቢሮው በር ላይ ሲደርሱ አክሽን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ እዚያ ነበር።

«እኔ ነኝ የምናገረው» አለ።

ተናገረም። የውድድሩ አስተባባሪ ሴትዮ እስኪጨርስ አላቋረጡትም። ሲጨርስ ወረቀቶቻቸውን አገላበጡ።

«የሕይወት ታሪክ ዘርፉ ላይ መቆየት አትችሉም» አሉ። «ደንቡ ግልጽ ነው። ሌሎቹ አምስቱ ግን ዳኞች በሥራው ጥራት የሰጧቸው ናቸው፤ ይቆያሉ።» ከዚያ አክሽንን አተኩረው አዩት። «አሥራ አንድ ዓመት ይህን ሥራ ሠርቻለሁ። ዕጩነት ሊመልስ የመጣ ሰው ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው።»

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ክበቡ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተደረደረ፤ ከኋላቸው እትዬ ሃሎ፣ ከጎናቸው ቡናማ ኮት የለበሱ፣ ትከሻቸው ሰፊ ሽማግሌ።

ምርጥ ድምፅ ተጠራ። የነሱ ነው! የድምፁ ልጅ መድረክ ላይ ወጥቶ ማይክራፎን ሲሰጡት «ይሄኛው ትንሽ ይጮሃል፣ አስተካክሉት» ብሎ አዳራሹን በሳቅ ገደለው። ቅንብር ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሄደ። ዋና ተዋናይት ሲባል ልጅቷ እየሮጠች ወጣች፣ እያለቀሰች ወረደች። ምርጥ አዘጋጅ የተባለው ሌላ ልጅ ነው። ጭራሮ ዞር ብላ አክሽንን አየችው። ከማንም በላይ እያጨበጨበ ነበር፤ ዓይኑ ግን ቀልቷል።

«ምርጥ ድርሰት… ‹መስመሩን አይዝጉ›!»

ጭራሮ እንዴት መድረኩ ላይ እንደደረሰች አታውቅም። ሽልማቱ ካሰበችው በላይ ከባድ ነበር። ያዘጋጀችው ንግግር ከአእምሮዋ ጠፋ።

«አመሰግናለሁ» አለች። «ፊልማችን ላይ እትዬ ሃሎ ብቻቸውን ናቸው። እውነቱ እንደዚያ አይደለም። ከጀርባቸው አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ጄኔሬተር ያዞሩ ነበር። እሳቸው ባይኖሩ አንድም ስልክ ባልጠራ። እኛ አጉድለናቸዋል። ዛሬ ግን እዚህ አሉ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ቡናማ ኮት የለበሱት።»

ጋሽ ባትሪ ማን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላቸው ዞሩ።

«አንተን ነው እኮ፣ ተነስ!» አሉ እትዬ ሃሎ በክርናቸው እየጎሸሟቸው።

ተነሱ። መጀመሪያ ክበቡ ብድግ አለ፤ ከዚያ ረድፍ በረድፍ መላው አዳራሽ ቆመ። ጭብጨባው አልቆም ሲል ጋሽ ባትሪ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው የእትዬ ሃሎን እጅ ያዙ። ከመድረኩ ላይ ሆና የምታያቸው ጭራሮ ሽልማቱን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ያዘች። እንደዚያ ያለ ደስታ ደረቷ ውስጥ ይገባል ብላ አስባ አታውቅም።

የሕይወት ታሪክ ሽልማቱን ሌሎች ልጆች ወሰዱት። ለእነሱም የክበቡ ልጆች ከልባቸው አጨበጨቡላቸው።

በኋላ ከአዳራሹ ደጃፍ ፎቶ እየተነሱ ሳለ መምህሩ ስልካቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ። «ልጆች! ትልቁ ሲኒማ ቤት ፊልማችሁን በሚቀጥለው ወር ለሕዝብ ሊያሳይ ይፈልጋል! ሰኞ ላኩልን ብለዋል።»

ሁሉም ጮኹ። አክሽንና ጭራሮ ተያዩ።

«ቲቸር» አለች ጭራሮ፣ «ሰኞ አይደርስም በሏቸው። ሁለት ሳምንት ይስጡን።»

«ፈተና እኮ ደርሷል!»

«እናጠናለን። የጎርፉን ትዕይንት እንደገና የምንቀርጸው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው።»

አክሽን መልስ ሳይጠብቅ ወደ ጋሽ ባትሪ ሄዶ አንገቱን ደፍቶ አንድ ነገር ነገራቸው። ጭራሮ አልሰማችውም። ሽማግሌውም እጁን ይዘው የጄኔሬተሩ እጀታ እንዴት እንደሚጨበጥና ትከሻ እንዴት እንደሚገፋው ያሳዩት ጀመር።

ጭራሮ ሽልማቱን ለተዋናይቷ አስይዛ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ ንጹሕ ገጽ ገለጠችና ከላይ ጻፈች፦ «ማዞሪያ ቤት። ቀን። ሁለት ሰዎች።»