ወጌሻው የሞላው ቀዳዳ

በ«ገናሌ» መርከብ ላይ የፊልም ክርክር የሚሰማው በጎመኑ ክፍል ነበር። ጎመኑ ሥሩን አየር ላይ አንጠልጥሎ፣ በቧንቧ የሚረጭለትን ጉም እየጠጣ ያድጋል፤ ሰዎቹ ከበታቹ በግማሽ ክብ ይቀመጣሉ። ከመስኮቱ ውጭ የሳተርን ቀለበት እንደ ታጠበ ነጠላ ተዘርግቷል፤ ዞር ብሎ የሚያየው ግን የለም። በረዶውን ከዚያ ላይ እየቆረጡ የሚጭኑት እነሱው ናቸው፤ ሰው የሥራ ቦታውን ምን ብሎ ያደንቃል?

የዚያን ቀን ሸንጎው ጢም ብሎ ሞልቷል። «የእስትንፋስ ማኅበር» ክፍል ሁለት ከምድር ደርሶ፣ ሁሉም በየዓይን ልባሱ አይቶታል። የዓይን ልባስ ዓይን ላይ የሚለጠፍ ስስ መመልከቻ ነው፤ ሰው አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ለብቻው ያይበታል። የፊልሙ ተዋጊዎች መሣሪያ አይታጠቁም፤ ትንፋሻቸውን ሲይዙ የኮከብ እሳት ይበርዳል፣ ሲለቁት ተራራ ይቃጠላል። ሕጋቸውም አንድ ነው፤ «ትንፋሽህን ሳትይዝ አትፍረድ።» በክፍል አንድ መጨረሻ ታላቁ መምህር ሶራም የማኅበሩን እሳት ለማዳን ሲል ተማሪውን ኔሪን በምትቃጠል ዓለም ላይ ጥሏት ሄዷል። በክፍል ሁለት አርጅቶ ይመለስና ደጇን ያንኳኳል። እንግዲህ ጠቡ ሁሉ እዚያ በር ላይ ነው።

ጋሽ ድልነሳው፣ የበረዶ መቁረጫውን ክንድ የሚያንቀሳቅሰው ሽማግሌ፣ አልጋ ልብሱን እንደ ጋቢ አጣፍቶ፣ የቧንቧ መፍቻውን እንደ ዘንግ ተመርኩዞ ቆመ። ሙግት እንደ አባቶቹ ወግ ካልሆነ አልከራከርም ባይ ነው፤ በረዶ ቆራጭነቱን ላያውቅ ለመጣ እንግዳ የቀድሞ አገር ገዥ ይመስላል። ከፊቱ የመርከቡ ነጂ መርዕድ ጢሙን እያፍተለተለ ተገተረ። ዳኛዋ ነርስ ዘርትሁን ናት፤ ያመመውንም የተሟገተውንም በአንድ ዓይነት ፊት ነው የምታየው።

«በላ ልበልሃ!» አለ መርዕድ።

«በል፣ እሰማሃለሁ!»

«የበረሃ ዋርካ ጥላው ለመንገደኛ፤
ጥሎ የሄደ መምህር ምኑን ነው እረኛ?»

ሸንጎው «እሰይ!» አለ። ጋሽ ድልነሳው መፍቻውን ወለሉ ላይ መታ አደረገ።

«ተጠየቅ!»

«ልጠየቅ!»

«ቁስል እያደር ይድናል፣ ሌሊትም ይነጋል፤
ባለቤቷ ይቅር ካለች ዳኛ ምን ያደርጋል?»

ሳቅና ጭብጨባ ሆነ። መርዕድ ግን አልሳቀም። «ማን ነው ይቅር ያለው?»

«ኔሪ ናታ! በሩን ከፍታ ‹መምህሬ፣ ይቅር ብዬሃለሁ› ስትለው አልሰማህም?»

«ጋሼ፣ ተኝተህ ነበር እንዴ? በሩን ከፍታ ትንፋሿን ለቀቀችበት እኮ! ዐመድ ሆነ ሰውየው!»

«አንተ ስታንኮራፋ ያየኸው ይሆናል!»

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ዘርትሁን፤ ዳኝነቷንም ረሳችው። «ምን ዓይነት ነገር ነው የምታወሩት? በሩን የከፈተችው ሌላ ሴት ናት። ኔሪ የለችም፣ ከሞተች ቆይታለች አለችው። እኔ እስኪበቃኝ ነው ያለቀስኩት።»

አንዱ አንዱን አየ። ከኋላ ረድፍ ደግሞ ሌላ ሌላ ነገር ተሰማ፤ በሩ ጭራሽ አልተከፈተም የሚልም ነበር። ዘርትሁን እጇን አነሣች። «ምስክር ይቁም! ምስክሩም ፊልሙ ራሱ ነው። በየዓይናችን አይሆንም፤ ሁላችን በምናየው ግድግዳ ላይ ይምጣ። ውርርድስ?»

«የተረታ በዚህ ሸንጎ ዳግመኛ አፉን አይከፍትም» አለ ጋሽ ድልነሳው።

«አቤት፣ ምን ያለ ሰላም ሊሆን ነው!» አለ መርዕድ።

የመልእክት ክፍሉ ባለሙያ ቦንቱ ፊልሙን ግድግዳው ላይ ለቀቀችው። ሶራም በአቧራ መካከል እያነከሰ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ እጁን አነሣ። አንኳኳ። መዝጊያው ሲጢጥ ሲል ግድግዳው ጠቆረ። ጥቁር ብቻ፤ እንደ ሩቅ ዝናብ የሚንሿሿ ድምፅም አለበት። ጥቂት ቆይቶ ምስሉ ሲመለስ በሩ ተዘግቷል፤ ሶራምም የለም።

«ምን ነካው?» አለ መርዕድ።

ቦንቱ ወደ መሣሪያዋ አጎንብሳ ቆየች። «ምንም አልነካው። ሲመጣም እንዲህ ነው። የፀሐይ ማዕበል መሐሉን በልቶታል።»

«እኛ ያየነውስ?»

«ወጌሻው ነው።»

ወጌሻ የሚሉት ከምድር ሲመጣ የተሰበረውን ምስልና ድምፅ የሚጠግነውን ማሽን ነው፤ ስሙን ያወጡለት እነሱው ናቸው። ስብራቱ ትንሽ ከሆነ ከግራ ከቀኝ ያለውን አይቶ ይገጥመዋል። ትልቅ ሲሆንበት ግን፣ አለች ቦንቱ ቃላቱን እየመረጠች፣ የሚያየውን ሰው ያዳምጣል። የልቡን ምት፣ የዓይኑን እርጥበት፣ ከዚያ በፊት የተናገረውን። ከዚያ ሰውየው የሚጠብቀውን ይሞላለታል። «ግድግዳ ደግሞ ልብ የለውም» አለች፤ «ስለዚህ ባዶውን ተወው።»

«ቀዳዳ እንዳለስ ለምን አይነግረንም?»

«እኔ ስመጣም እንዲህ ሆኖ ነው የጠበቀኝ። ማን እንዳዘዘው አላውቅም።»

«እኔ ነኝ» አለ ጋሽ ድልነሳው፤ ድምፁ ከሙግቱ ድምፅ ጋር አይመሳሰልም ነበር።

እውነቱን ነው። ገና ወደ ቀለበቱ እንደ ደረሱ፣ ለአንድ ባልደረባቸው ከአገር ቤት «እናትህ...» የሚል መልእክት መጥቶ እዚያው ላይ ተቆረጠ። ሰውየው እህል አልቀምስ አለ፤ እነሱም አብረውት ለቅሶ ተቀመጡ። ኋላ ሙሉው ሲመጣ እናትየው ቤት ቀይረው ኖሯል! ያን ጊዜ ጋሽ ድልነሳው ሽማግሌ ይዞ ያኔ ወደ ነበረው የመልእክት ባለሙያ ሄዶ ለመነ፦ መርዶ እንኳ በወጉ ነው የሚነገረው፤ ክፉ ነገር በሰው ላይ እንዲህ በድንገት አይወረወርም፤ ይኼ ማሽን ቀዳዳውን ይሸፍንልን፣ ስፌቱንም አያሳየን። ማሽኑም የታዘዘውን አደረገ። እሺ ባይ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው።

«እንግዲህ ማንም አልተረታም» አለ መርዕድ ሊያስቅ እየሞከረ። ቀና ሲል ግን የጋሽ ድልነሳውን ፊት አየ። ሽማግሌው አልጋ ልብሱን ከትከሻው አውርዶ በእጁ ጨብጦታል።

«ቦንቱ ልጄ» አለ፣ «የወለላን መልእክት በዚህ ግድግዳ አሳዪኝ።»

ስለ ወለላ መልእክት ያልሰማ በመርከቡ ላይ አልነበረም። ጋሽ ድልነሳው ወደዚህ ሲመጣ ሚስቱ ታማ ነበር፤ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ፣ እሱ መንገድ ላይ ሳለ አረፈች። አንዲት ልጁ ወለላ ለዓመታት ዘጋችው። በመጨረሻ መልእክት ላከችና «አባዬ፣ ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው። ያን ቀን በመርከቡ ላይ ያልነገረው ሰው አልነበረም። መቁረጫውን ክንድ እያንቀሳቀሰ ማንጎራጎር የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው።

«ጋሼ፣ ለብቻዎ ቢያዩት አይሻልም?» አለች ቦንቱ።

«ደስታዬን ለብቻዬ አላየሁትም። አሳዪኝ።»

ወለላ ግድግዳው ላይ መጣች። ፀጉሯን ወደ ኋላ ይዛ፣ ከመስኮት አጠገብ ተቀምጣ። «አባዬ፣ ስለ እማዬ ብዙ ሳስብ ከረምኩ። ልነግርህ የምፈልገው ነገር...» ጥቁር። የዝናቡ ሹክሹክታ። ከዚያም «...በል እንግዲህ፣ ራስህን ጠብቅ» ብላ እጇን ወደ መቅጃው ማጥፊያ ስትዘረጋ ታየች።

ጎመኑ ላይ ጉሙ ፍስስ አለ።

«ምናልባት እኮ ይቅር ብላ ሊሆን ይችላል» አለች ቦንቱ።

«ይችላል» አለ ጋሽ ድልነሳው። «እኔ ግን ምን ብዬ እንደ መለስኩላት ታውቂያለሽ? ‹ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ አሳረፍሽኝ› አልኳት። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም። ምን ሰጠሁትና ነው የሚያመሰግነኝ ብላ ይሆናል።» «ይቅርታ መቀበሌን ለሁሉም አወራሁ። ይቅርታ ስጠይቅ የሰማኝ አለ? አልጠየቅኋትም እኮ። ሳልጠይቅ ነው የተሰጠኝ፤ እሱም በእሷ አፍ ሳይሆን በወጌሻው።»

መርዕድ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ጢሙን አላፍተለተለም። «እኔስ፣ ጋሼ?» አለ ዝቅ ብሎ። «ሰውየው ሲቃጠል ያየሁት እኔ ነኝ። ከየት አመጣሁት?»

ጋሽ ድልነሳው መልእክቱን የቀዳው እዚያው፣ ሁሉም ባለበት ነው። መንገድ ላይ ቢቀደድም እንደ ተቀደደ ይድረሳት፣ ማንም ማሽን አይሙላው አለ።

«ወለላ ልጄ፤ የላክሽልኝ መሐሉ ጠፍቶ ነው የደረሰኝ። የጠፋውን ማሽኑ በእኔው ምኞት ሞላልኝ፣ እኔም ያንቺ ቃል ነው ብዬ አመንኩ። እናትሽ ታማ ሳለች ጥያችሁ ሄድኩ። እመለሳለሁ ስል እንደማልደርስ ልቤ ያውቅ ነበር። ይቅር በይኝ። ካልሆነልሽም ካንቺው አፍ ልስማው። ያን ቀን ምን ነበር ያልሽኝ? ድገሚልኝ።»

መልእክቱ ሄደ። ብርሃን እንኳ ከዚያ ምድር ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ ሰው ደግሞ ከብርሃን ይዘገያል። ጋሽ ድልነሳው በረዶውን እየቆረጠ ጠበቀ፤ አያንጎራጉርም። ሸንጎውም ሳይሰየም ሰነበተ።

መልሱ የመጣው ከፊልሙ ሙሉ ቅጂ ጋር በአንድ ጭነት ነው። ሁሉም ጎመኑ ሥር ተሰበሰቡ። ቦንቱ ፊልሙን ወይስ መልእክቱን ብላ አልጠየቀችም፤ መልእክቱን ለቀቀችው።

ወለላ ከዚያው መስኮት አጠገብ ናት። ዓይኗ አብጧል። «አባዬ» አለች። «ያን ቀን ያልኩህ...»

ግድግዳው ጠቆረ።

ሸንጎው በአንድ ድምፅ ቃተተ። ከጥቁሩ ጥግ አንዲት ትንሽ ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች፤ ከዚያ ወዲህ ወጌሻው ቀዳዳ ሲያገኝ እንዲጠይቅ ታዝዞ ነበርና «ልጠግን?» ማለቱ ነው። ጋሽ ድልነሳው የዓይን ልባሱን ቢያደርግ፣ እሺ ቢል፣ የሚሰማውን ያውቀዋል። ሁሉም ያውቁታል። ቦንቱ ጣቷን አንሥታ ፊቱን ታያለች። በዚያ ክፍል ውስጥ ትንፋሹን ያልያዘ ሰው አልነበረም።

«አትንኪው» አለ።

ጥቁሩን ቁጭ ብለው አዩት፣ እስከ መጨረሻው። ምስሉ ሲመለስ ወለላ አፍንጫዋን በመዳፏ ጠርጋ ወደ እነሱ ቀና አለች።

«...ሰምተኸኝ ከሆነ ንገረኝ። ካልሰማኸኝም ንገረኝ፤ እደግመዋለሁ።»

እዚያ ላይ አለቀ። ዘርትሁን ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። መርዕድ ጉሮሮውን ጠራረገና «ፊልሙስ?» አለ።

«ይቆይ» አለች ዘርትሁን፤ «ሶራም ደጅ ላይ መቆም ለምዷል።»

ጋሽ ድልነሳው ተነሥቶ ወደ መቅጃው ሄደ። አልጋ ልብስም መፍቻም አልያዘም። ቢጫዋ መብራት አሁንም ትጠይቃለች፤ ቦንቱ በእጇ ሸፈነችለት።

«ልጄ» አለ፣ «አልሰማሁሽም። ድገሚልኝ።»