የአያ አለነ እጅ

መተማ ዮሐንስ ውስጥ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበሩ እንግዳው ቢሮው ውስጥ ሞቶ ሲገኝ፣ ፊቱ የነበረው የአረቄ መለኪያ የሰሊጥ ፀረ ተባይ ይሸት ነበር። መርዙ ጠረጴዛው ላይም ተንጠባጥቧል። መርማሪው ሃምሳ አለቃ አምባው ገና ጎንበስ ሳይል አገሩ ፈርዶ ጨርሷል፤ ያፈሰሰው የሚንቀጠቀጥ እጅ ነው፣ እንዲህ ያለ እጅ ያላቸው ደግሞ አያ አለነ ናቸው። አንድ ልጃቸውን ለውትድርና የሰጠባቸውም ይኸው እንግዳው ነው። አምባው ግን ቶሎ የበሰለ ነገር አይወድም።

ያን ቀን ቢሮው የገቡት ሦስት ሰዎች ነበሩ። አምባው ከሦስቱ አንዱ የሆኑትን አያ አለነን ለኋላ ትቶ ከሁለተኛዋ፣ ከጤና ረዳቷ ከውባንች ጀመረ።

«እጃቸውን ለክተሽ ታውቂያለሽ?»

«ለሕክምናቸው ብዬ ሦስት ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በዚያው ብርጭቆ ለክቻለሁ። ውሃ ሞልቼ አስይዛቸውና የፈሰሰውን በመርፌ ቱቦ እስባለሁ። ባልደረባዬም የእኔን ሳታይ ለብቻዋ ትለካለች።»

«ስንት ፈሰሰ?»

«በሁለታችንም ልኬት ከሁለት ሲሲ አላለፈም። የእሳቸው እጅ ሥራ ሲፈታ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ ዕቃ ሲይዝ አደብ ይገዛል።»

ሦስተኛው ካድሬው ጓድ ደሞዝ ነበር።

«አያ አለነን የት ያውቋቸዋል?»

«ስብሰባ ላይ ብቻ። እጃቸው ጭናቸው ላይ ሲርገፈገፍ አያለሁ። እንዲህ ያለ እጅ ሳያፈስ ይቀዳል?»

በማግስቱ አምባው ሁሉንም ክሊኒኩ ውስጥ ሰበሰበ።

«አያ አለነ ቢቀዱ ኖሮ ጠረጴዛው ደረቅ በሆነ። መርዙ የፈሰሰው ሆን ተብሎ፣ በእሳቸው እንዲላከክ ነው። ይህን ያሰበ ሰው እጃቸውን ሥራ ላይ አይቶት አያውቅም። ውባንች ለክታዋለች። የቀሩት እርስዎ ነዎት፣ ጓድ ደሞዝ። እንግዳው ያልፈረመበት የሁለተኛው ዙር የውትድርና ምልመላ ዝርዝርም ከሟቹ ኪስ ተገኝቷል። አልፈርምም ያለው እርስዎን ነው።»

ንጉሡ ከወረዱ ዓመታት ቢያልፉም፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው ተረት ግን አልወረደም። ደሞዝ ፈገግ ብሎ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እዚሁ እንለካ» ብሎ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አቀረበላቸው። «ይያዙ፣ አባት።»

«ፍርሃት ያባብሰዋል፤ እንዲህ አይለካም» አለች ውባንች። የሰማት የለም።

አያ አለነ ሽጉጡን እያዩ ብርጭቆውን አነሡ። ውሃው ደረታቸው ላይ ተደፋ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ያየኸውን ጻፍ» አለ ደሞዝ።

አምባው በዕድሜው እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። ለውትድርና የደረሱ ሁለት ልጆች አሉት። ብዕሩን አንሥቶ «ፈሰሰ» ብሎ ጻፈ።

ሚሊሻዎቹ አያ አለነን የፊጥኝ ሲያስሯቸው ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት።

«አይዞህ ልጄ» አሉት፤ «ያየኸውን ነው የጻፍከው።»