ያበርታህ ያልኩት ለማን ነው?

ሰው ቡዳ በላኝ፣ ዛር ሰፈረብኝ፣ ከሾላው ሥር ጥላ አየሁ ሲለኝ ዕድሜ ልኬን የሳቅሁ ሴት ነኝ፣ ዛሬም እስቃለሁ፣ ስለዚህ ይህን ስታነቡ ‹ጥሩዬ ደግሞ በስተርጅና ጀመራት› እንዳትሉኝ። ፍኖተ ሰላም ላይ ልብስ እሰፋለሁ፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም፣ ማንበብ የለመድኩት ጨርቅ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው፣ ንድፍ ማውጣትንም ያረጀ ኮት እየተረተርኩ ነው የተማርኩት፣ የማምነው ነገር ቢኖር አንገቴ ላይ የሚንጠለጠለውን ሜትሬን ነው። ጣጣው የመጣውም በዚያው በሜትሬ በኩል ነው።

መጋቢት ላይ የአባቴ ወንድም መሪጌታ ደምስ ከማንኩሳ ወዲያ ካለው አገራቸው መጡ። ከደብራቸው ቁልቁል፣ ገደሉ ላይ፣ ጥንት መናንያን ይጸልዩበት ነበር የሚባል ዋሻ አለ፣ ታቦት የለበትም፣ ዛሬ ማንም አይገባበትም፣ እና ያን ዓለት ለመንገድ ጠጠር ሊፈጩት ነው። መሪጌታ አቤት ቢሉ፣ ጉዳዩን የያዘው የወረዳው ባለሙያ «የጅብ ጉድጓድ ነው አባቴ፣ ሰው የሠራው ከሆነ ልኩንና ንድፉን በወረቀት አምጡልኝ፣ ያለዚያ ፈንጂው አይቆምም» አላቸው።

«አንቺ ለሙሽራ ቀሚስ ንድፍ የምታወጪ፣ ለዋሻ ያቅትሻል?» አሉኝ።

«የዋሻ ወገቡ የት እንደሆነ አላውቅማ፣ መሪጌታ።»

«ወገቡንስ እነሱ ያውቁታል፣ ሊሰብሩት አይደል።»

ሳቁ፣ ሳቃቸው ግን ከጥርስ አላለፈም። አባታቸውም አያታቸውም የተቀበሩት ከዚያ ዓለት አናት ላይ ነው።

በማግሥቱ እስከ ማንኩሳ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር ሄድን። በሩ የዋንዛ ሳንቃ ነው፣ ጫማዬን ደፉ ላይ አውልቄ ገባሁ። እመኑኝ፣ እንዲያ ያለ ነገር አልጠበቅሁም። አራት ምሰሶ ቆሟል፣ መጋጠሚያ የላቸውም፣ ከሌላ ቦታ መጥተው የተተከሉ ሳይሆኑ ዓለቱ ሲፈለፈል እዚያው የተተዉ ናቸው። ቀና ብል ደግሞ ጣሪያው ላይ ወራጅና ማገር አለ፣ በድንጋይ የተቀረጸ። ልጄ በስልኳ የህንድ አገር ዋሻዎች አሳይታኝ ነበር፣ የቡድሃ መነኮሳት ከተራራ ሆድ የፈለፈሏቸው፣ ጣሪያቸው እንደ ጎድን አጥንት የድንጋይ ወራጅ የተደረደረበት፣ ያኔ ‹ዓለት ደግሞ ወራጅ ለምኑ ነው፣ ማንን ሊሸከምለት?› ብዬ ስቄ ነበር፣ እዚህ ያንኑ ሳይ ግን ገባኝ። የእንጨት ቤት የለመደ እጅ ድንጋይ ቢሰጡትም የሚሠራው የለመደውን ቤት ነው። ጅብ ወራጅ አይቀርጽም።

በስተኋላ ጠባብ ክፍል አለ፣ ያላለቀ። ጣሪያው ተጠርቦ ልሟል፣ ታቹ ግን ደረጃ ደረጃ እንደሆነ ቀርቷል፣ ከላይ ጀምረው ወደ ታች ይፈለፍሉ እንደነበር ከዚያ ያስታውቃል። እሱን ልለካ ስል መሪጌታ መቋሚያቸውን አነሡ፣ ጾም ነውና ቅዳሴው የሚገባው ቀትር ላይ ነው።

«ቀትር ሳይሆን ውጪ ልጄ። ቀትር ክፉ ሰዓት ነው።»

«ሁዳዴ አይደል፣ ጋኔኑም ይጾማል።»

«አፍሽ አንድ ቀን ያሳይሻል» ብለው እያጉተመተሙ ወጡ።

ከክፍሉ መግቢያ ላይ በልብስ ጠመኔዬ አሰመርኩ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ግድግዳ ዘረጋሁ፣ አራት ሜትር ከሃያ። ጻፍኩ። ስጽፍ ነው የሰማሁት።

ቃ፣ ቃ፣ ቃ። ከዚያ ዝም። ደግሞ ቃ፣ ቃ፣ ቃ። ግንደ ቆርቁር ነው አልኩ፣ ግን የሚመጣው ከውጭ አይደለም። ውኃ ነው እንዳልል፣ በመጋቢት ያ ዓለት እንደ ምጣድ ደርቋል። ጆሮዬን መጨረሻው ግድግዳ ላይ ብለጥፍ፣ ከዚያው ከውስጡ ነው፣ ሦስት ጊዜ ይመታል፣ ያርፋል፣ በዕረፍቱ መሐል ደግሞ እፍ የሚል ነገር አለ፣ ሰው የጠረበውን አቧራ እፍ ብሎ እንደሚያራግፍ። ድንጋዩ ለብ ብሏል።

እንግዲህ ሰው ያደገበትን አይተውም። በእኛ አገር የሚያርስ ሰው፣ የሚያጭድ ሰው፣ ድንጋይ የሚፈልጥ ሰው አይተሽ ዝም ብለሽ አታልፊም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እናቴ በቁንጥጫ ያስለመደችኝ ነው። እኔም እርሳሴን ጆሮዬ ላይ እየሰካሁ፣ ልቤ ሒሳቡ ላይ እንዳለ፣ «ያበርታህ» አልኩት።

ቀጥ አለ። ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ሰው ሰላምታ ሲሰማ ወገቡን ይዞ ቀና እንደሚለው፣ ልክ እንደዚያ ነው ዝም ያለው። ያን ጊዜ ነው ጠጉሬ የቆመው። ‹አብሮ ያበርታን› ይለኝ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ፣ አላለም። ጀመረ፣ አሁን ግን ፈጥኖ፣ ሳያርፍ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይሮጥ ነበር። እኔ ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው፣ ለመሪጌታ ሮጬ ወጣሁ ብዬ ልነግር ነው? ጨርቅ ከመቁረጤ በፊት ዳግመኛ መለካት ልማዴ ነውና ሜትሬን ከጠመኔው መስመር ጀምሬ እንደገና ዘረጋሁት። አራት ሜትር ከሃያ ሦስት። ሦስተኛም ለካሁ፣ ያው ነው። ያን ጽፌ በእርጋታ ወጣሁ፣ ጫማዬን ሳጠልቅ ግን እግሬ ሥር ሞቅ ያለ ዱቄት ተሰማኝ፣ ሁለቱም ጫማ ውስጥ፣ ነጭ የድንጋይ ዱቄት።

መሪጌታ ከቅዳሴ ሲመለሱ ነገርኳቸው። ስለ ድምፁ ብዙም አልደነቃቸው። «ምን አልሽው?» ብቻ አሉኝ።

«ያበርታህ አልኩት።»

የመቋሚያቸውን አናት ዳበሱ። «የማታዪውን ሠራተኛ እንዴት ታበረቺያለሽ» አሉ።

ንድፉን አስገባን፣ ከሳምንት በኋላ ባለሙያው የብረት ሜትሩን ይዞ ራሱ መጣ። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ወራጁን ሲያይ እንኳ አፉን ከፍቶ ነበር። የኋላውን ክፍል ሲለካ ግን ወረቀቴን አየ፣ ሜትሩን አየ፣ እኔን አየ። አራት ሜትር ከሠላሳ አንድ።

«እትዬ፣ ጥንታዊ ነው ያላችሁኝን እናንተው እየፈለፈላችሁት ነው እንዴ? ይኸው ዱቄቱ፣ የትናንት ነው።»

«ጣሪያው ላይ ያለውን ጥቀርሻስ የትናንት ነው ትለኛለህ? የስንት ዘመን ጧፍ ነው እሱ።»

«እሱን አላውቅም። በሩን በራሴ ቁልፍ ዘግቼ አሽጌበት እሄዳለሁ፣ በአሥራ አምስተኛው ቀን መጥቼ እለካለሁ። ሠላሳ አንድ ላይ ከቆመ ስትቆፍሩ የነበራችሁት እናንተ ናችሁ፣ ፈንጂው ይገባል።»

«ከጨመረስ?»

ሳቀብኝ። «ከጨመረማ ፈንጂውን እኔው ራሴ አስቆመዋለሁ።»

«መሪጌታ፣ ሰምተዋል» አልኩ። እንግዲህ ፍረዱኝ፣ በዚህ ዓይነት ነገር አላምንም እያልኩ አሥራ አራት ቀን ሙሉ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ጨምር፣ ጨምር ስል ሰነበትኩ።

ነገ አሥራ አምስተኛው ቀን ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ መሪጌታ ደወሉ።

«ጥሩዬ፣ እሽጉ አልተነካም። ጆሮዬን ሳንቃው ላይ ሳደርግ ግን ይሰማኛል።»

«እሰይ፣ እየጨመረ ነዋ።»

«ወደ ውስጥ እየራቀ አይደለም ልጄ። ወደ በሩ ነው የሚመጣው፣ ትናንት ከምሰሶዎቹ ወዲያ ነበር፣ ዛሬ ከወዲህ ነው። ያን ቃልሽን አንሺው፣ ባለሽበት ሆነሽ ይብቃህ በይው።»

«ነገ ከተለካ በኋላ፣ መሪጌታ።»

«ጥሩዬ።»

«አያትዎ አናቱ ላይ ተኝተው የለም? ፈንጂው ይሻላቸዋል?»

ስልኩ ተዘጋ፣ እሳቸው ይዝጉት ኔትወርክ ይቁረጠው አላውቅም።

ይብቃህ አላልኩም፣ አልልምም። ሜትሬን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ለባለሙያውም በሩን ከፍተህ ወደ ጎን ቁም እለዋለሁ፣ የሰው ልጅ ነው፣ ምንም አያውቅም። ደፉ ላይ ፊት ለፊት የምቆመው እኔ ነኝ፣ ሰላምታውን የጀመርኩት እኔ ነኛ።