ጫማዋን ያላወለቀች ዕለት

ጫማዋን አላወለቀችም ነበር። ይህን ያስተዋልኩት ግን በማግስቱ ጠዋት ነው፤ ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ።

ዕለቱ ሰኞ ነበር። ወጥ ቤት ቆሜ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ልጄ ሳሎን ውስጥ መስኮቱ ጋ ቆማ፣ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትናገራለች።

«ሂድ... ማን ያዘህ? እኔ አልለምንህም። ግን ልትሰናበተኝ እንዳትመጣ። እሱን አልችለውም...»

መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ሰለለ። እኔ ምን አልኳት መሰላችሁ? ቢላዬን እንኳ ሳላስቀምጥ፣ የመጨረሻዋን ትንሽ ጮክ በያት፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው አይሰማሽም አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ።  መኝታ ቤቷ ገባችና በሩን ዘጋችው።

አትፍረዱብኝ። ልጄ ተዋናይ ናት። ማታ መድረክ ላይ ትሠራለች፣ ቀን ደግሞ የትወና ትምህርት ቤት ታስተምራለች። በዚህ ሳሎን ውስጥ ስንቴ ባሏ ሞቶባታል፣ ስንቴ ተከድታለች። አንድ ጊዜማ መርዝ ጠጣሁ ብላ ምንጣፌ ላይ ተዘርራ፣ ጎረቤቱን ሁሉ በጩኸት ሰብስቤ መሳቂያ ሆኛለሁ። ከዚያ ወዲህ ነው ምልክት የሰጠችኝ።

«እማዬ፣ ጫማዬን ካወለቅኩ ልምምድ ነው። አትደንግጪ» አለችኝ።

የትምህርት ቤታቸው ሕግ ነው። የመለማመጃው ክፍል ወለል ጣውላ ስለሆነ ሁሉም ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባል። እዚያ ውስጥ በባዶ እግር የተባለ ነገር፣ ስድብም ይሁን ፍቅር፣ የጨዋታው ነው፤ ማንም ቂም አድርጎ ወደ ቤቱ አይወስደውም። ጫማ ከተደረገ በኋላ የሚባለው ግን የራስ ነው።

እኔ እንግዲህ ሁሉ ነገር ወደ ክፉ የሚታየኝ ሴት ነኝ። ሰማዩ ሲያጉረመርም ጣሪያው የሚወርድብኝ ይመስለኛል። ስልክ ከሁለቴ በላይ ከጠራ ሰው ሞተ እላለሁ። እውነተኛው ክፉ ነገር ሳሎኔ ድረስ ሲመጣ ግን እግሯን አላየሁም።

ስልኩ ማዶ የነበረው ሰው ገዳዩ ነው።

ስሙ አይደለም። ሰፈሩ ያወጣለት ነው። በቴሌቪዥን በሚታይ ተከታታይ ድራማ ውስጥ፣ በራቸው ሳይቆለፍ ባደረ ቤቶች እየገባ ሰው የሚያንቅ ክፉ ሰው ሆኖ ይሠራ ነበር። በእሱ የተነሳ በሬን ከቆለፍኩ በኋላ ሦስት ጊዜ እየተነሳሁ መፈተሽ ልማዴ ሆነ። ሰውየው ልጄ የምታስተምርበት ቤት አብሯት እንደሚያስተምር ግን አላውቅም ነበር። እሷም አውቃ ነው ያልነገረችኝ።

ያወቅኩት ከሁለት ዓመት በፊት፣ ልጄ ምሳ ዕቃዋን ረስታ የሄደች ቀን ነው። በባዶ ሆዷ ስታስተምር ወድቃ ብትቀርስ ብዬ ምሳ ዕቃውን ይዤ ተከተልኳት። ረጅሙን መተላለፊያ አልፌ ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። አንገቴን አስገብቼ ሳይ፣ ገዳዩ ሁለት እጁን የልጄ አንገት ላይ አድርጎ ቆሟል። ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች ዙሪያውን ተቀምጠው ያያሉ። የሚነሳ የለም።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ምሳ ዕቃው ከእጄ ወጥቶ ግንባሩ ላይ አረፈ።

 ቀጥሎ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ልጄ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እሱ ፀጉሩ ላይ የፈሰሰውን ሩዝ እያራገፈ ወደ ተማሪዎቹ ዞረና ማመን ማለት ይህ ነው፣ ጻፉት አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ።

«እትዬ፣ እዚህ ሥራ ላይ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። እንደ እርስዎ ያመነኝ ተመልካች አላየሁም።»

ግንባሩ ላይ እንቁላል የምታህል እብጠት ወጥታለች። እግሩን ሳይ ባዶ ነው፤ ሩዙን ረግጦ ቆሟል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ቤታችን መምጣት ጀመረ። እኔም ልቤ አላረፈልኝም፤ እሱ ሲመጣ ቢላዎቹን ሁሉ ሰብስቤ መሳቢያ ውስጥ እከት ነበር። አንድ ቀን ብርቱካን ልላጥ ብሎ ቢላ ሲጠይቀኝ ማንኪያ ሰጠሁት። ልጄ ከወንበሯ እስክትወድቅ ሳቀች። እሱ ግን ብርቱካኑን በማንኪያ ላጠው።

መድረክ ላይ እንደዚያ አድርጎ የሚዋሽ ሰው ቤት ውስጥ እውነት ይናገራል ወይ ብዬ ብጠይቃት፣ «እማዬ፣ እኔስ?» አለችኝ። 

እንደሚዋደዱ የነገረኝ የለም። አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ሸኝታው ስትመለስ ግን ብቻዋን ትስቅ ነበር፤ በመስኮት አያታለሁ። ያቺን ሳቅ ሳይ ደስታ አይደለም የተሰማኝ። ይሄ ሰው ልጄን የሰበራት ቀን በምን እጠግናታለሁ ብዬ ነው የደነገጥኩት።

ከዚያ ድንገት ቀረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልመጣም። ልጄን ብጠይቃት፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ከሚያሳይ የቲያትር ቡድን ጋር ለሁለት ዓመት መፈረሙን ነገረችኝ። «ሥራ ነው» አለችና ሳህኖቹን ማጠብ ቀጠለች። አንዱን ሳህን አራት ጊዜ አጠበችው። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ በሆዴ እፎይ አልኩ። ከዚህ የባሰ ነገር ሳያደርሳት ሄደ ብዬ።

እንዲህ ነው ያ ሰኞ የመጣው።

ማክሰኞ ጠዋት ልጄ ከአልጋ አልተነሳችም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ አሞኛል፣ ለትምህርት ቤቱ ሄደሽ ንገሪልኝ አለችኝ። ብርድ ልብሱን ላስተካክልላት ጎንበስ ስል ከጫፉ ሁለት ጥቁር ጫማዎች ብቅ ብለው አየሁ። ክራቸው እንደታሰረ ነው። ከነጫማዋ ነው ያደረችው።

ክው አልኩ።

«ትናንት... ልምምድ አልነበረም?»

«አልነበረም እማዬ።»

  ልጄ ሳሎኔ ውስጥ ልቧ ሲሰበር እኔ አነጋገሯን ሳርም ነበር።

ትምህርት ቤቱ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ገዳዩ መለማመጃው ክፍል ውስጥ ብቻውን መጻሕፍቱን ካርቶን ውስጥ ይከታል። ጫማው በር ላይ ነው። እኔ ከነጫማዬ ደፉ ላይ ቆሜ፣ ልጄን ምን አድርገሃት ነው ብዬ ጮህኩበት። የሌላ ሴት ባል ነህ፣ ልጅ አለህ፣ ምን አለህ፣ ዛሬ ትነግረኛለህ አልኩት። በአእምሮዬ ያልለጠፍኩበት ወንጀል አልነበረም።

እጁ ላይ ያለውን መጽሐፍ እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«እኔ? እትዬ... እምቢ ያለችኝ እሷ ናት እኮ።»

ተራዬን ደነገጥኩ። ቀስ እያለ ነገረኝ። ከአንድ ወር በፊት፣ ሁለቱ ለተማሪዎቹ ያለ ጽሑፍ መተወን እንዴት እንደሆነ ሲያሳዩ፣ እሱ መሃል ላይ እጇን ያዘና አግቢኝ አላት። ሃያ ተማሪ እያየ። እሷም ሳቅ ብላ፣ ከአንተ ጋር? ከእናቴ ጋር ባረጅ ይሻለኛል አለችው። ተማሪዎቹ በሳቅ ሞቱ። እሱም አብሮ ሳቀ። በሳምንቱ ከቡድኑ ጋር ፈረመ።

«ሁለት ሌሊት ያላስተኛኝን ነገር ነው የጠየቅኳት» አለኝ። «እሷ ሳቀች።»

ከእናቴ ጋር ባረጅ ይሻለኛል... ያቺ ቃል ደረቴ ላይ ተቀመጠች። ዝም ብል እኮ ይሄዳል። የቡድኑ መኪና ሐሙስ ነው የሚነሳው። ልጄም እንዳለችው ከእኔ ጋር ታረጃለች፤ በመስኮት የማያት፣ ከእጄ የማትወጣ ሆና። እመኑኝ፣ ለአንድ አፍታ አስቤዋለሁ። ከዚያ ብርድ ልብሱ ጫፍ ላይ ያየኋቸው ጥቁር ጫማዎች ትዝ አሉኝ።

«ያን ቀን ጫማህ የት ነበር?» አልኩት።

ግራ ተጋብቶ በሩን አየ። «እዚህ።»

«የእሷስ?»

«ከእኔው ጎን...»

አልጨረሰውም። መጽሐፉ ከእጁ ወደቀ። አሥራ ሁለት ዓመት ሰው ሲያስደነግጥ የኖረው ሰውዬ ፊቱ አመድ መሰለ፤ እዚያው ጣውላው ላይ ቁጭ አለ።

«ይህን ሕግ እኔ ነኝ በየቀኑ የማስተምረው» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ ዓይኑን ሳያነሳ፣ «ፈርቼ ነው። እምቢ ካለችኝ ጨዋታ ነበር ልላት...»

«እሷ ለጨዋታው ነው የመለሰችልህ» አልኩት። «ጫማህን አድርግና ጠይቃት።»

ቤት ስመለስ ለልጄ ምንም አልተነፈስኩም። ቢቀርስ? ሁለተኛ ብትሰበርስ? ወለሉን ወለወልኩ። ዝናብ ጀመረ። አንዴ መኪና ገጨው አልኩ፣ አንዴ ሐሙስን ሳይጠብቅ ሸሸ አልኩ፣ አንዴ ደግሞ ሳቀብኝ እኮ አልኩ። ሊመሽ ሲል በሩ ተንኳኳ።

እሱ ነው። ውኃ ከላዩ ይንጠባጠባል። ሁልጊዜ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን የሚፈታው ሰው፣ በዚያ ጭቃ በያዘ ጫማው የወለወልኩትን ወለል እየረገጠ ሳሎኑ መሃል ድረስ ገባ። እኔ ትንፍሽ አላልኩም።

ልጄ ድምፅ ሰምታ ወጣች። በሌሊት ልብሷ ናት፤ በስንት ልመና ጫማዋን አስወልቄያት ነበርና እግሯ ባዶ ነው። ፊቷ በልቅሶ አብጧል። መጀመሪያ ፊቱን አየችው፣ ቀጥሎ እግሩን።

«ጫማህን...»

«አላወልቅም» አላት። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ያ በቴሌቪዥን ሰው የሚያስደነግጥ ድምፅ። «ያን ቀን የጠየቅኩሽ የምሬን ነበር። ጨዋታ ያስመሰልኩት ፈርቼ ነው። አሁን ቃል አላጠናሁም፣ የሚያጨበጭብም የለም። አግቢኝ።»

ልጄ ግድግዳውን ያዘች። እሱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ዞራ መኝታ ቤቷ ገባች። በሩ ተዘጋ።

አበቃ አልኩ።  እሱ ጭቃው ላይ እንደ ተተከለ እንጨት ቆሟል። ይህን ሁሉ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ የኔ ምክር ነው ሰውየውን ለሁለተኛ ጊዜ ያሳፈረው።

ከውስጥ የሆነ ነገር ሲጎተት ተሰማ። ከአልጋው ስር ዕቃ ስታወጣ መሰለኝ። ከዚያ በሩ ተከፈተ።

በሌሊት ልብሷ ላይ ጥቁር ጫማዋን አድርጋለች። ክሩን እንኳ አላሰረችውም። እየጎተተችው መጥታ ፊቱ ቆመች።

«አሁን ድገመው» አለችው።

«አግቢኝ።»

«እሺ።»

 እጁን ይዛ ግንባሯን ደረቱ ላይ ደገፈች፤ ያው በምሳ ዕቃ የመታሁት ግንባሩም ፀጉሯ ላይ አረፈ። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ መወልወያውን አነሳሁና እግራቸው ዙሪያ ያለውን ጭቃ እያለቀስኩ መወልወል ጀመርኩ።

ሻይ ሳፈላ ለቡድኑ መሪ አስቀድሞ ደውሎ እንደነበር ነገረን። ሌላ ሰው እስኪያገኙ ሦስት ወር ብቻ ዞሮ ይመለሳል። ሦስት ወር... እኔ ወዲያው የመንገዱን ጠመዝማዛ መቁጠር ጀመርኩ፤ የሾፌሩን ዕድሜ ሳይቀር ጠየቅኩት። አልሳቁብኝም፣ መለሱልኝ።

ኩባያውን ሳነሳ ግን አላስቻለኝም። ከእናቴ ጋር ባረጅ ይሻለኛል ብለሽ ነበር አሉ፣ አልኳት።

«እማዬ...» አለችኝ፣ እጄን ይዛ። «እሱን ያልኩት በባዶ እግሬ ነው።»

ሳቅኩ። ትንሽም አመመኝ። ሁለቱም እውነት ነው።

ዝናቡ አባራና ሊሄድ ተነሳ። በራችንን ታውቁት ዘንድ፣ ትንሽ ወደ ላይ ካልተነሳ የቁልፉ ምላስ አይገባም፤ ሦስት ጊዜ የምፈትሸው ለዚያም ጭምር ነው። እሱ ይህን ያውቃል። ወጥቶ በሩን ከዘጋሁ በኋላ የእርምጃውን ድምፅ ጠበቅኩ። አልሄደም።

«እማዬ» አለኝ ከውጭ። እትዬ አላለኝም። «አሁን ይቆልፉት። እኔ ከዚህ ልግፋው።»

በሩን ወደ ላይ አንስቼ ቁልፉን አዞርኩት። ገዳዩ ከውጭ አንዴ ገፋው፤ ሁለቴ ገፋው።

«አይከፈትም» አለኝ። «ይተኙ።»