ለበርጩማው ንገረው

መምህሩ የሞተው ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ከማቆሚያው ቁልፍ ሰባት እርምጃ ርቆ ነው። መርማሪው እርምጃውን በራሱ እግር ለካው። ሬሳው በግንባሩ ተደፍቷል፤ ቀኝ እጁ ወደ በሩ ተዘርግቷል፤ ከዘራው ሆዱ ሥር ቀርቷል። ከኋላው ግማሹ የተቃጠለ የወረቀት ቁራጭ ወለሉ ላይ ወድቋል።

ቦታው ፕሮግራም መጻፍ ለጀማሪዎች የሚያስተምር ትንሽ ትምህርት ቤት ነው። ሬሳው የተገኘበት ክፍል ደግሞ ዋና ዋናዎቹ ማሽኖች የሚቀመጡበት ነው። እሳት ቢነሳ ውሃ ማሽኖቹን ስለሚያበላሽ፣ ጥግ ላይ የቆሙ ሁለት ቀይ ሲሊንደሮች ጋዝ ይለቃሉ። ጋዙ እሳትን አፍኖ ይገድላል፤ ሰውንም ቢያገኝ አይምርም። ስለዚህ መጀመሪያ ደወል ለሠላሳ ሰከንድ ይጮኻል። በዚያ ጊዜ ሰው ይወጣል፣ ወይም በሩ አጠገብ ያለውን ማቆሚያ ይጫናል። ይህን ሁሉ የምታዝዘው ግድግዳው ላይ የተሰካች፣ በተጻፈላት ፕሮግራም የምትሠራ፣ መዳፍ የምታክል የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ናት።

መምህሩ በየማክሰኞው አራት ሰዓት ላይ ወረቀት ለኩሶ ጢሱን ጣሪያው ላይ ላለው ጠቋሚ ያሳየዋል፤ ደወሉ ሲጮህ እያነከሰ ሄዶ ማቆሚያውን ይጫናል። ሲሊንደሩን ዘግተው ይሞክሩት ሲሉት «የማልፈራውን ነገር ፈተና አልለውም» ይል ነበር። በዚህ ማክሰኞ ግን ደወሉና ጋዙ እኩል መጡ።

የመርማሪው ስልክ ጮኸ። አለቃው ነው።

«አደጋ ነው አሉ። ዘበኛው ፕሮግራም ሲነካካ ያመጣው ጣጣ ነው። በቸልተኝነት ሰው መግደል ብለህ ሰውዬውን ይዘኸው ና፤ ፋይሉን ዝጋ።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ምክትሉ። የተማረ ሰው ነው።»

«እኔ ደግሞ ገና ነኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልማር» ብሎ ዘጋው።

መርማሪው ከስምንተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለውም። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል፤ አሻራ እንዴት እንደሚነሳ እጃቸውን ይዞ ያሳያቸው ሦስት ልጆች ከላዩ ተሹመዋል፤ ይሄ አለቃውም አንዱ ነው። በሌለበት «ስምንተኛ» ይሉታል። በዚህ ዓለም ዲግሪ ያለው ሰው ሲሳሳት «የቴክኒክ ችግር አጋጠመ» ይባላል፤ የሌለው ሲሳሳት «ድሮስ ማን ንካ አለው» ይባላል። መርማሪው ይህን ከማንም አልተማረውም፤ ኖሮበታል።

ከሟቹ ኪስ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጣ። የመጨረሻው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ማክሰኞ አምስት ሰዓት። የምዝገባው ፕሮግራም። መስመር በመስመር። በሰው ሁሉ ፊት።»

የምክትሉ ቢሮ ግድግዳ ላይ ሦስት የምስክር ወረቀቶች በመስታወት ተሰቅለዋል። አንዱም አልተንጋደደም።

«ኢንስፔክተር፣ በቀላሉ ላስረዳዎት?»

«በቀላሉ ይሁንልኝ።»

«ጀማሪዎቻችን መጀመሪያ የሚማሩት ፓይተን የሚባለውን ቋንቋ ነው። በፓይተን ‹ሠላሳ ጠብቅ› ብለው ቢጽፉ ማሽኑ ሠላሳ ሰከንድ ይጠብቃል። የቦርዷ ቋንቋ ሌላ ነው። እዚያ ሠላሳ ማለት ሠላሳ ሚሊሰከንድ ነው፤ አንድ ሰከንድ ለሺህ ተከፍሎ፣ ከዚያ ውስጥ ሠላሳው። ዓይን ለመጨፈን እንኳ አይበቃም። አንዱን ቋንቋ ብቻ የለመደ ሰው ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። የታወቀ የጀማሪ ስህተት ነው።»

«ስንት መሆን ነበረበት?»

«ሠላሳ ሺህ። በዘበኛው ስም ወደ ሠላሳ ተቀይሯል። ትናንት ምሳ ሰዓት፣ ሰባት ከሩብ ላይ፣ ከክፍሉ አራተኛ ኮምፒውተር። ጋሼ ከደወሉ ጋር ብልጭ ድርግም የሚል መብራት እንዲጨምርበት የቤት ሥራ ሰጥተውት ነበር። ዘበኛ በሩን ይጠብቅ ብዬ ለፍልፌአለሁ። ማን ሰማኝ?»

«የይለፍ ቃሉን ሌላ ሰው ያውቀዋል?»

«ማን የማያውቅ አለ! እረሳዋለሁ ብሎ የደብተሩ ሽፋን ላይ ጽፎታል።» ሳቀ።

«እርስዎን ለዚህ ወንበር ያበቃዎት ምን ነበር?»

«የተማሪዎች ምዝገባ ፕሮግራም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብቻዬን የጻፍኩት ነው።»

መርማሪው የእጅ ጽሑፉን ማየት እንደሚፈልግ ሁሉ ፕሮግራሙን አስከፈተው። ኪቦርዱ ላይ የቀኝ ቀስቱን ቁልፍ አንድ ሁለት ጊዜ ተጫነ፤ «አልገባኝም» አለና ተነስቶ ሄደ። ምክትሉ ፈገግታውን ለመደበቅ አልደከመም።

የሟቹ የእህት ልጅ መዝገብ ቤት ናት፤ እዚያው ትሠራለች፣ እዚያው ትማራለች። ዓይኗ አብጧል።

«ምን ሰማሽ፣ እህቴ?»

«ደወሉ ‹ጢ› አለ፤ አንዴ ብቻ። ወዲያው ጋዙ ፏጨ። ሮጬ ስሄድ በበሩ መስታወት ቀዩ መብራት ይታየኛል፤ እንደ ልብ ምት ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ይላል። አጎቴ ግን…»

«አምስት ሰዓት ላይ ምን ነበር?»

«በርጩማው።»

«የምን በርጩማ?»

መማሪያ ክፍሉ ጥግ ላይ ያለ ባለ ሦስት እግር፣ የወየበ የእንጨት በርጩማ አሳየችው። አጎቷ ፕሮግራሙ እምቢ ያለው ተማሪ ሲመጣበት ቶሎ አይረዳም ነበር። መጀመሪያ ለበርጩማው ንገረው ይለዋል። ተማሪው በርጩማው ፊት ቆሞ የጻፈውን ከላይ እስከ ታች፣ ይሄ መስመር ይህን ያደርጋል እያለ ጮክ ብሎ ይናገራል። ግማሹ ተማሪ ሳይጨርስ ስህተቱን ራሱ ያገኘዋል።

«ትናንት ሲወለውለው ነበር። ‹ነገ ትልቅ ሰው ነው የሚነግረው› አለኝ። ማን እንደሆነ አልነገረኝም።»

የእሷንም ሥራ አየ። መስመሮቿ ሁሉ ከግራ ጠርዝ ተጣብቀዋል፤ ወደ ውስጥ የገባ የለም።

«ፓይተን እንዲህ ሲጻፍ እምቢ ይላል፤ በቦርዷ ቋንቋ ግን ይሠራል» አለች እያፈረች። «አጎቴ ‹ደረጃ የሌለው ፎቅ› ይለኝ ነበር።»

ዘበኛው አርባ ዓመት ያለፈው፣ እጀ ሻካራ ሰው ነው። በሩ አጠገብ ያለችው ጎጆው ውስጥ መምህሩ ከመጋዘን ያወጣለት አሮጌ ኮምፒውተር አለ። አንድ ፖሊስ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«ዜሮ ይሉሃል አሉ። ለምንድነው?»

«የመጀመሪያ ፈተናዬን ዜሮ አግኝቼ ነዋ፣ ጋሼ። ይበሉኝ። ማሽን ሲቆጥር ከዜሮ ነው የሚጀምረው፤ እነሱ አንድ ሳይሉ እኔ አለሁ።»

መርማሪው ወደደው። ኪቦርዱን ጎተት አድርጎ አየ፤ በግራ በኩል አንድ ቁልፍ ተነቅሎ ጉድጓዱ ቀርቷል።

«ይሄ የት ሄደ?»

«ታቡ ነው። መስመሩን በአንድ ምት ወደ ውስጥ የሚያስገባ። ሲሰጡኝም አልነበረም። ምን ቸገረኝ፤ ባዶ ቦታ የሚያደርገውን ረጅሙን ቁልፍ አራቴ መታ መታ አደርጋለሁ። እጄ ለምዶታል፤ ክፍል ስገባም እንደዚያው ነኝ።»

«ትናንት ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ብቻዬን። ምስክር የለኝም።» ቀና አለ። «አልቅሼ አልለምንዎትም። ያልሠራሁትን ሠርቻለሁ አልልም፤ ልጆቼ አባታችን መምህሩን ገደለ ሲባል አይሰሙም።»

መርማሪው ደጃፉ ላይ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «በል፣ እኔ በርጩማ ነኝ። የቤት ሥራህን ንገረኝ።»

ዘበኛው ደብተሩን ገለጠ፤ በእርሳስ ተጽፏል። «ጢስ ሲኖር ደወሉን አብራ። ሠላሳ ጠብቅ። ጋዙን ልቀቅ። እዚህ ደግሞ መብራቱ፤ አብራ፣ 0.5 ጠብቅ፤ አጥፋ፣ 0.5 ጠብቅ። ግማሽ ሰከንድ ማለት ነው። ከዚያ…» ቆመ። ፊቱ አመድ ሆነ። «ጋሼ፣ የቦርዷ ቋንቋ በሰከንድ አይደለም እንዴ የሚቆጥረው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው እሳሳት ነበር። ዛሬ ከሥራ በኋላ ላስገባው ነበር። ብቀድም ኖሮ የምገድላቸው እኔ ነበርኩ።»

ጥፋተኛ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ አያወጣም። መርማሪው ግን ዓይኑን ከ0.5 ላይ አልነቀለም። ከዚያ ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጠ፤ ከዓመት በፊት የተጻፉ አሥር ገጾች ላይ ብዙ ቆየ። የመምህሩ ቀይ እስክሪብቶና ቀን አለባቸው።

«ይሄን አዋሰኝ» አለ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም መማሪያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰባቸው፦ የትምህርት ቤቱን ባለቤት፣ የሟቹን የእህት ልጅ፣ ምክትሉንና ዘበኛውን። በርጩማውን መሐል አስቀመጠው። ትልቁ ስክሪን ላይ የቦርዷ ፕሮግራም ተከፍቷል።

«ልጀምር። ትናንት ሰባት ከሩብ ላይ የገቡት ‹ጠብቅ› የሚሉ አዳዲስ መስመሮች ሦስት ናቸው፤ የደወሉ አንድ፣ የመብራቱ ሁለት። ሦስቱንም አንድ እጅ፣ በአንድ ጊዜ ጽፏቸዋል። ልክ ነው ምክትል?»

«ልክ ነው። የእሱ እጅ።»

«የደወሉ ሠላሳ ይላል። ሰከንድ መስሎት ነው አሉኝ፤ እሺ። የመብራቱ ስንት ይላል?»

የእህት ልጅ ወደ ስክሪኑ ቀረበች። «አምስት መቶ።»

«አምስት መቶ ሰከንድ ቢሆን ስንት ነው?»

«ስምንት ደቂቃ… እንዴ! ግን እኔ ያየሁት እንደ ልብ ምት ሲል ነው።»

«አየሽ? ጸሐፊው ለመብራቱ አምስት መቶ ሲጽፍ፣ ይህ ቋንቋ በሚሊሰከንድ እንደሚቆጥር አብጠርጥሮ ያውቃል። እዚያው ከላይ ያለው መስመር ላይ እንዴት አላወቀም?» የዘበኛውን ደብተር አነሳ። «የእውነተኛው ጀማሪ ስህተት ይኸውላችሁ። ደወል ሠላሳ፣ መብራት 0.5። ሁለቱም በሰከንድ ነው። ስህተቱ እንኳ ቀጥ ያለ ነው! ገዳዩ ይህን ደብተር አይቶ ሠላሳውን ቀዳ። 0.5ን መቅዳት ግን አልሆነለትም። መግደሉን ችሎታል፤ ሳያስፈልግ እንደ ዘበኛ መሳሳቱን ተጠየፈው።»

«ይሄ ግምት ነው» አለ ምክትሉ። «አሁን ደግሞ ዘበኛው መስመሮቹን እንዴት ወደ ውስጥ እንዳስገባ ይመልከቱ። አራት አራት ባዶ ቦታ! የእሱ አጻጻፍ ነው፤ ሁሉም ያውቃል።»

«እሱን ነበር የምጠብቀው። ዓይን ባዶን ከባዶ አይለይም። እህቴ፣ ከጠርዙ ጀምረሽ የቀኝ ቀስቱን ተጫኚ። መጀመሪያ ዘበኛው ድሮ የጻፈው ላይ።»

ተጫነች። ስክሪኑ ላይ ያለችው ጠቋሚ ጭረት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብላ ተራመደች።

«አሁን ትናንት የገባው መስመር ላይ።»

አንዴ ተጫነች። ጠቋሚዋ አራቱን ቦታ በአንድ ዝላይ አለፈችው።



«ታብ ነው» አለ ዘበኛው በዝግታ። «እኔ ታብ የለኝም።»

«የለህም። እህቴ ደግሞ ደረጃ የሌለው ፎቅ ናት፤ መስመር አታስገባም። ጠቋሚዋ እንዲህ ስትዘል የአንድ ሰው ሥራ ላይ አይቻለሁ፤ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሦስት የምስክር ወረቀት ባለበት ቢሮ።»

የትምህርት ቤቱ ባለቤት ከወንበሯ ተነሳች። «ለምን ሲል? ጋሼ እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩት!»

መርማሪው ማስታወሻ ደብተሩን አነበበላቸው። ከዚያ ወደ ምክትሉ ዞረ። «የምዝገባውን ፕሮግራም ብቻዬን ጻፍኩት ብለዋል። መምህሩ ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ሊሰሙት ነበር። ሞት አስቀራቸው፤ እኔ ልስማዎት። ለበርጩማው ይንገሩት።»

«ለእንጨት አላወራም!»

«ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ከመጀመሪያው መስመር።»

ምክትሉ ከንፈሩን ላሰ። ወደ በርጩማው አልቀረበም።

መርማሪው ወደ ዘበኛው ዞረ። «አንተስ?»

ከዓመት በፊት ፕሮግራሙን የጻፈባቸው አሥር ገጾች መርማሪው እጅ ካለው ደብተር ውስጥ ናቸው፤ ዘበኛው ግን ደብተሩን አልጠየቀም። በርጩማው ፊት ቆሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ከላይ ጀመረ። ይሄ ስም ይቀበላል። ይሄ ስሙ አስቀድሞ ተመዝግቦ እንደሆነ ይፈልጋል። ይሄ ቁጥር ሲጠበቅ ሰው ፊደል ቢያስገባ ፕሮግራሙ እንዳይወድቅ ይይዘዋል፤ «እዚህ ላይ ሦስት ሳምንት ተሰቃይቻለሁ» አለ። አሥራ አምስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ምክትሉ ፈነዳ።

«አሥራ ስድስት ዓመት ተምሬ! አሥራ ስድስት ዓመት! በተማሪ ፊት፣ በዘበኛ ፊት፣ እንደ ሕፃን በርጩማ ፊት ሊያቆመኝ! ለመንኩት፤ በር ዘግተን እንጨርሰው አልኩት። ‹ስርቆቱ በአደባባይ ነው፤ መልሱም በአደባባይ› አለኝ። ምን ላድርግ? ምን ምርጫ ሰጠኝ?»

«አንድ ምርጫ ነበረህ» አለ መርማሪው፤ አንቱታው ቀርቷል። «‹አላወቅኩም› ማለት። እዚህ ቤት ጀማሪው ሁሉ በቀን አሥር ጊዜ ይለዋል፤ አንድም ሰው አልሞተበትም።»

ፖሊሱ ካቴናውን አወጣ።

ስልኩ ጮኸ። «ፋይሉን ዘጋህ?» አለ አለቃው።

«ዘጋሁት። የተማረ ሰው ላይ» አለና እሱንም ዘጋው።

የትምህርት ቤቱ ባለቤት እንባዋን ጠረገች። ዘበኛውን ሳታየው «በል አንተም ለጊዜው ወደ በርህ… ሌላውን ረጋ ብለን እናየዋለን» አለች። ሰው ነጻ መውጣቱ ሲረጋገጥ እንኳ ቦታውን የሚያስታውስ አይጠፋም።

«አልሄድም እትዬ» አለ ዘበኛው።

«ምን አልክ?»

«በሩን ሌላ ሰው ይጠብቀው። እዚያ ማሽኖቹ ክፍል ነገም ሰው ይገባል፤ ሲሊንደሩ ነገ ይሞላል፤ ቦርዷ አሁንም ሠላሳ ነው የምትለው። ሳላስተካክላት ከዚህ ክፍል የሚያስወጣኝ ካለ ይሞክር።»

ማንም አልሞከረም። የእህት ልጅ ወንበሯን ለቀቀችለት። መርማሪው ባርኔጣውን አጥልቆ በሩ ላይ ቆመ።

ዘበኛው ግን ወዲያው አልተቀመጠም። በርጩማው ፊት ሄዶ ጎንበስ አለ። «ጋሼ» አለው፤ «የቦርዷ ቋንቋ በሚሊሰከንድ ነው የሚቆጥረው። አላወቅኩም ነበር። አሁን አወቅሁ።»

ከዚያ ተቀመጠ፤ ከሠላሳው ጎን ሦስት ዜሮ ጻፈ።