የአቶ ገብረወልድ ሰማያዊ እርሳስ

አቶ ገብረወልድ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው፣ ቀይ እርሳሳቸውን እንደያዙ ነው የተገኙት። ደም የነካው ከባዱ የወረቀት መብሻ አጠገባቸው ወድቋል። ማክሰኞ ነው፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ተኩል፤ በ1976፣ ናዝሬት፣ ከባቡር ጣቢያው በላይ ባለች አንዲት የእርሻ ምርምር ቢሮ።

ሥራቸው እኮ ራሱ ይገርማል። ተመራማሪዎቹ በእንግሊዝኛ የጻፉትን ጥናት ተቀብለው ግስ ግሱን ብቻ ያያሉ። የተሠራው ነገር በኃላፊ ጊዜ፣ ሁሌ እውነት የሆነው በአሁን ጊዜ መጻፍ አለበት፤ ከተዘበራረቀ ያርማሉ። ኃላፊውን በቀይ፣ የአሁኑን በሰማያዊ ያሰምሩበታል።

ሬሳውን ያገኙት ዘበኛው ጋሽ መርዳሳ ናቸው፤ መዓቱም በእሳቸው ላይ መጣ። ሐኪሙ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ውስጥ ነው የሞቱት አለ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ጥናት ደግሞ በሰባት ተኩል የገባ ነው፤ አሥራ ሁለት ገጹ በሁለቱም ቀለም ተሰምሮበታል። ያ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ ጋሽ መርዳሳ ብቻ ነበሩ። የጥናቱ ባለቤት ዶክተር አምባዬ በስምንት ሰዓት በላንድሮቨር ወደ ደብረዘይት ሄዷል፣ ታይፒስቷ እትዬ ዘውድነሽ ጥናቱን አስቀምጠው ለቅሶ ሄደዋል። የቀበሌ ሰዎች ጋሽ መርዳሳን ፀረ-አብዮተኛ ብለው ነገሩን ዘጉት። ሐሙስ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ሊወስዷቸው ነው። ያኔ እንደዚያ ተብሎ የተወሰደ ሰው ደግሞ… በቃ፣ አይመለስም።

መርማሪዋ መቶ አለቃ ሸዋወርቅ አጭር ናት፣ ስትናገር ቀስ ብላ ነው፣ ዓይኗ ግን ወይኔ! ረቡዕ ጠዋት ክፍሉን ስታስከፍት እትዬ ዘውድነሽ አልገባም ብለው በሩ ላይ ቀሩ። ከተዘጋው ክፍል እርሳስ ወረቀት ላይ ሲሄድ ሰማሁ አሉ። ሸዋወርቅ አልሳቀችባቸውም። አቶ ገብረወልድ ሲያርሙ ልማዳቸው ምን እንደነበር ብቻ ጠየቀቻቸው።

«አሥራ ሁለት ዓመት ያው ናቸው» አሉ እትዬ ዘውድነሽ። «መጀመሪያ ከፊት እስከ ኋላ በቀይ ብቻ። ከዚያ ኮታቸውን ለብሰው ይሄዳሉ። ሰማያዊውን በማግስቱ ጠዋት ነው የሚቀርጹት። ዓይኔ ካላደረ አይታየኝም ይላሉ።»

መሳቢያ ውስጥ ገና ያላለቁ ሦስት ጥናቶች ነበሩ። ሦስቱም ቀይ ብቻ።

ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ጋሽ መርዳሳን አነጋገረች። አቶ ገብረወልድ ሰሞኑን የጠየቁዎት ነገር ነበር ወይ አለች። አንገታቸውን እንደደፉ፣ «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ» አሉ፤ እሁድ አገራቸው አዳሚ ቱሉ ደርሰው መምጣታቸውን፣ አቶ ገብረወልድም እዚያ ስላለው የዶክተሩ የበቆሎ ጥናት መሬት እንደጠየቋቸው ነገሯት። «ያ መሬት ገና አልታረሰም አልኳቸው።»

ከሰዓት ሁሉንም አቶ ገብረወልድ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጋሽ መርዳሳ እንደታሰሩ ቆመዋል።

«መቶ አለቃ፣ ስለ እርሳስ ልንማር ነው እንዴ?» አለ ዶክተር አምባዬ።

«አዎ። እሳቸው ሰማያዊ የሚነኩት በማግስቱ ጠዋት ነው። ይሄ ጥናት ማክሰኞ ገባ፣ ማክሰኞ ሞቱ። ይሄን ሰማያዊ ማን አሰመረው?»

ሰማያዊውን እርሳስ ከጠረጴዛው አነሳች።

«ከስምንት ሰዓት በኋላ በሕይወት ነበሩ እንዲባል የፈለገ ሰው ነው። ሳያነቡ ለማስመር ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ጋሽ መርዳሳ አይፈልጉም፣ በዚያ ሰዓት እሳቸው ብቻ ናቸው ያሉት። እትዬ ዘውድነሽ ልማዱን ያውቃሉ፣ አይሳሳቱም። ተመራማሪ ግን የሚደርሰው ያለቀው ነው፣ ሁለቱም ቀለም ያለበት። እርስዎ በቀይ ብቻ የቆመ ጥናት አይተው አያውቁም፣ ዶክተር። እርሳሱንም አልቀረጹትም፣ ይኸው እንደ ደነዘ ነው። በቆሎዎ ደግሞ እዚህ ወረቀት ላይ ታጭዷል፣ አዳሚ ቱሉ ግን አልተዘራም።»

አምባዬ ወረቀቱን አየ፣ ከዚያ ባዶውን ወንበር። ድምፁ ሲወጣ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ይቅረብ ተባልኩ። ለምኛቸው ነበር። ያልተዘራ ነገር ላይ ቀይ አላሰምርም አሉኝ። ቀዩንም እኔ ነኝ ያሰመርኩት… ከዚያ እርሳሱን እጃቸው ውስጥ አደረግኩት።»

እትዬ ዘውድነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ጋሽ መርዳሳ እጃቸው ሲፈታ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

በማግስቱ፣ ሊወስዷቸው በነበረበት ሐሙስ ጠዋት፣ ክፍሉን የከፈቱት እሳቸው ናቸው። ሰማያዊውን እርሳስ በምላጭ ቀረጹትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እስከ ዛሬ እዚያ ቢሮ ውስጥ ጭር ጭር የሚል የእርሳስ ድምፅ ይሰማል ይላሉ። ማታ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ነው።